ክላስ እና ኦብጀክት በእቁብ፦ ፓይተን ላይ ከዜሮ ጀምረን እንስራው

ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን ዳታና ስራውን አንድ ላይ በያዙ ኦብጀክቶች መስራት) ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚነገረው ያው "መኪና ክላስ ነው፣ ቶዮታ ኦብጀክት ነው" ሚለው ነገር ነው፣ ጭንቅላታችንን እንነቀንቅና ገባን እንላለን ከዛ በሉ ኮድ ጻፉ ስንባል እጃችን አይንቀሳቀስም። (ምሳሌው ራሱ ልክ አይደለም እኮ፣ ቶዮታ ብራንድ ነው፣ ኦብጀክቱ በር ላይ የቆመችው፣ ታርጋ ያላት፣ ነዳጇ ሊያልቅ የደረሰው አንዷ መኪና ናት።) ስለዚህ እዚህ ሕጉን ሁላችንም ምናውቀውን ነገር ነው ምንሰራው፣ እቁብ። አባላት አሉ፣ መዋጮ አለ፣ እጣ ይወጣል፣ አንዴ የወጣለት ድጋሚ አይገባም። ቋንቋው ፓይተን ነው፣ ሊስት፣ ኢፍ፣ ፎር ሉፕ እና ፈንክሽን ምን እንደሆኑ ካወቃችሁ ይበቃችኋል። ጃቫ ወይም ሲ ሻርፕ ምትማሩም ብትሆኑ ሀሳቡ ያው ነው፣ አጻጻፉ ነው ሚለየው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙልኝ፦ "ይሄ ዳታ የማን ነው?" ክላስና ኦብጀክት ላይ ሰው ሚደናገርበት ነገር አብዛኛው ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ ኮድ ስለሚጀምር ነው።

መጀመሪያ ያለ ክላስ እንየው

እቁቡን በሊስት ብቻ ብንይዘው እንዲህ ይሆናል፦

```
ስሞች = ["አልማዝ", "ከበደ", "ሳራ"]
ክፍያ = [1000, 0, 1000]
ደርሷል = [ትሩ, ፎልስ, ፎልስ]
```

ይሰራል። ከበደ ግን "እኔ በቃኝ" ብሎ ወጣ እንበል፣ እኛ ደግሞ ስሞች.ፖፕ(1) ብለን ስሙን አወጣንና ክፍያ ሚለው ሊስት ላይ ማውጣት ረሳን። አሁን ሳራ ከ2ኛ ኢንዴክስ ወደ 1ኛ መጣች፣ ክፍያ[1] ደግሞ ዜሮ ነው። ሳራ 1000 ብር ከፍላ እንዳልከፈለች ሆነች ማለት ነው። ኢረር የለም፣ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ውሸት ይናገራል። ደብተር ላይ እንዲህ ቢሆን እቁቡ በጸብ ነው ሚበተነው።

ችግሩ ሳራ ሚባል ነገር ኮዱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ስሟ አንድ ቦታ፣ ብሯ ሌላ ቦታ፣ እጣዋ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ሚያገናኛቸው ቁጥር ብቻ ነው። ክላስ ሚያስፈልገን የአንድ ነገር ዳታ አንድ ላይ ተጠቅሎ እንዲሄድ፣ ሕጉም አብሮት እንዲሄድ ነው።

ስቴፕ 1፦ ኪቦርዱን ማስተካከል

ፓይተን 3 ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 ሚባለውን አፕ ጫኑ፣ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ፓይተን 3 እኛ ምናወጣቸውን ስሞች (የቫርያብል፣ የክላስ፣ የፈንክሽን) በአማርኛ ፊደል ይቀበላል። የራሱን ቃላት ግን አይቀበልም። እኔ እዚህ ለንባብ እንዲመች ሁሉንም በፊደላችን ነው የጻፍኩት፣ እናንተ ታይፕ ስታደርጉ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መልሷቸው፦ ክላስ፣ ዴፍ፣ ኢኒት፣ ፓስ፣ ኢፍ፣ ፎር፣ ኢን፣ ኖት፣ አንድ፣ ኢዝ፣ ሪተርን፣ ሬይዝ፣ ቫልዩኢረር፣ ትሩ፣ ፎልስ፣ ነን፣ ፕሪንት፣ አፔንድ፣ ፖፕ፣ ኢምፖርት፣ ራንደም፣ ቾይስ፣ ስትር። ትሩ፣ ፎልስ እና ነን በካፒታል ነው ሚጀምሩት፣ ቫልዩኢረር ደግሞ አንድ ላይ ተጽፎ ቪውም ኢውም ካፒታል ነው። ሌላው እንዳለ ይግባ።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ኮለንና ኮማ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ የኛን ሁለት ነጥብ (፡) ወይም ነጠላ ሰረዝ (፣) ካስገባችሁ ሲንታክስ ኢረር ነው፣ ለእነሱ ኪቦርድ ቀይሩ። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት፣ እጣ እና ዕጣ ለኛ አንድ ናቸው ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፣ አንዱን ላይ ጽፋችሁ ሌላውን ታች ከጠራችሁ እንደዚህ ሚባል ስም አላውቅም ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ ስክሪኑ ላይ እያያችሁት ትናደዳላችሁ። ስራ ቦታ ላይ ስሞቹም በእንግሊዝኛ ነው ሚጻፉት፣ ይሄ ለመማሪያ ነው።

ስቴፕ 2፦ ባዶ ክላስ

```
ክላስ አባል:
    ፓስ

ሰው1 = አባል()
ሰው2 = አባል()
ፕሪንት(ሰው1 ኢዝ ሰው2)
```

ፎልስ ይላል። ክላሱ አንድ ነው፣ የወጡት ኦብጀክቶች ሁለት ናቸው። ክላስ ማለት እንደ ባዶ ፎርም ነው፣ "ስም ____ መዋጮ ____" ይላል እንጂ የማንም አይደለም፣ ኦብጀክት ደግሞ ተሞልቶ የአንድ ሰው የሆነው ቅጂ ነው። ከፎርም ሚለየው ኦብጀክት ስራም ይሰራል፣ ወረቀት ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ምሳሌውን ከዚህ በላይ አትጎትቱት።

ቅንፉን ልብ በሉ። አባል ብቻ ካላችሁ ክላሱን ራሱን ነው የጠራችሁት፣ አባል() ስትሉ ነው አዲስ ኦብጀክት ሚፈጠረው።

ስቴፕ 3፦ ኢኒት እና ያ ግራ ሚያጋባው የመጀመሪያ ቃል

```
ክላስ አባል:
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም):
        ራሱ.ስም = ስም
        ራሱ.ክፍያ = 0
        ራሱ.ደርሷል = ፎልስ

    ዴፍ ክፈል(ራሱ, ብር):
        ኢፍ ብር <= 0:
            ሬይዝ ቫልዩኢረር("ብሩ ከዜሮ በላይ ይሁን")
        ራሱ.ክፍያ = ራሱ.ክፍያ + ብር

አልማዝ = አባል("አልማዝ")
ሳራ = አባል("ሳራ")
አልማዝ.ክፈል(1000)
ፕሪንት(አልማዝ.ክፍያ, ሳራ.ክፍያ)
```

1000 እና 0 ይወጣል። ኢኒት በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት አንደርስኮር አለው፣ በአንድ ከጻፋችሁት ፓይተን ተራ ፈንክሽን መስሎት ኦብጀክቱ ሲፈጠር አይጠራውም፣ አባል("አልማዝ") ስትሉም ኢረር ይሰጣችኋል።

አሁን ራሱ ሚለው። መጽሐፍም ቪዲዮም ላይ ሰልፍ (የእንግሊዝኛው ቃል ነው፣ ራስ ማለት) ተብሎ ነው ምታገኙት፣ እሱ የቋንቋው ቃል አይደለም፣ ሰው ሁሉ የተስማማበት ስም ነው እንጂ ፓይተን የመጀመሪያውን ቦታ ነው ሚያየው፣ ስሙ ምንም ቢሆን ግድ የለውም። ለዛ ነው ራሱ ብለን ስንጽፍም ሚሰራው። አልማዝ.ክፈል(1000) ስትሉ ፓይተን ውስጥ ለውስጥ ሚያደርገው ይሄን ነው፦

```
አባል.ክፈል(አልማዝ, 1000)
```

በቃ። ከነጥቡ በፊት ያለው ኦብጀክት ተነስቶ የመጀመሪያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ይሄንን ሁለተኛውን መስመር በእጃችሁ ጽፋችሁ ራን አድርጉት፣ አንድ አይነት ውጤት ነው ሚሰጠው፣ ከዛ በኋላ ሰልፍ ምንድነው ሚል ጥያቄ አይኖራችሁም። ሁለቱን በጣም የተለመዱ ኢረሮችም ያስረዳችኋል። ሜተዱ (ክላስ ውስጥ ያለው ፈንክሽን) ላይ ራሱን መጻፍ ከረሳችሁ "1 አርጉመንት ነው ሚቀበለው፣ 2 ተሰጠው" አይነት ነገር ይላችኋል፣ እናንተ ግን አንድ ብቻ ነው የሰጣችሁት፣ ሁለተኛው ከየት መጣ? አልማዝ ናት። ሌላኛው ደግሞ ኢኒት ውስጥ ራሱ.ስም በማለት ፈንታ ስም = ስም ብቻ ስትሉ ነው፣ ይሄ ኢኒት ሲያልቅ አብሮ ሚጠፋ ቫርያብል ነው፣ ኦብጀክቱ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም፣ ስለዚህ አልማዝ.ስም ስትሉ ስም ሚባል አትሪቢውት (ኦብጀክቱ ላይ የተለጠፈ ዳታ) የለውም ይላል። ራሱ ሚለውን ባያችሁ ቁጥር ጥያቄው ተመልሷል፣ ዳታው የዚህ ኦብጀክት ነው።

የብሩን ቼክ ለምን ክፈል ውስጥ እንዳደረግነውም እዩ። ሕጉ ከዳታው ጋር ነው ሚኖረው፣ ክፍያ የትም ቦታ በክፈል ከተጨመረ ኔጌቲቭ ብር መግባት አይችልም። እርግጥ ሰው አልማዝ.ክፍያ = -500 ብሎ በቀጥታ ቢጽፍ ፓይተን አይከለክለውም፣ ጃቫ ላይ ፕራይቬት ብላችሁ መቆለፍ ትችላላችሁ፣ ፓይተን ላይ ስሙን በአንድ አንደርስኮር ትጀምሩና "ውስጣዊ ነው አትንኩት" ማለት ይሆናል፣ መከበሩ በሰዉ ነው።

ስቴፕ 4፦ እቁቡ ራሱ፣ እና ሁለት እቁብ ሚያደባልቅ ባግ

እቁብ ስም አለው፣ የመዋጮ ልክ አለው፣ አባላት አሉት። ጀማሪ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፈዋል፦

```
ክላስ እቁብ:
    አባላት = []

    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም, መዋጮ):
        ራሱ.ስም = ስም
        ራሱ.መዋጮ = መዋጮ

    ዴፍ አስገባ(ራሱ, አዲስ):
        ራሱ.አባላት.አፔንድ(አዲስ)

የሰፈር = እቁብ("የሰፈር", 1000)
የቢሮ = እቁብ("የቢሮ", 3000)
የሰፈር.አስገባ(አልማዝ)
ፕሪንት(የቢሮ.አባላት)
```

የቢሮው እቁብ ባዶ መሆን ነበረበት አይደል? አይደለም፣ አልማዝ እዛም ገብታለች። በአንድ እቁብ ብቻ ቴስት ካደረጋችሁት ደግሞ በጭራሽ አይታያችሁም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ራሱ.አባላት ስትሉ ፓይተን መጀመሪያ ኦብጀክቱ ላይ ይፈልጋል፣ እዛ ካጣ ወደ ክላሱ ይሄዳል። እዚህ ኦብጀክቱ ላይ አባላት ሚባል ነገር ስላልተቀመጠ ክላሱ ላይ ያለችዋን ያገኛል፣ እሷ ደግሞ አንድ ብቻ ናት፣ አፔንድ ያንኑ ሊስት ነው ሚለውጠው፣ ሁለቱም እቁቦች ያንኑ ያያሉ። ሊስቷ የማን ናት ብለን ብንጠይቅ መልሱ የክላሱ ነው፣ እኛ ግን የእያንዳንዱ እቁብ እንድትሆን ነበር የፈለግነው። መፍትሄው አንድ መስመር ወደ ኢኒት ማስገባት ነው፦

```
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም, መዋጮ):
        ራሱ.ስም = ስም
        ራሱ.መዋጮ = መዋጮ
        ራሱ.አባላት = []
```

ክላሱ ላይ ዳታ ማስቀመጥ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለሁሉም እውነት የሆነና ማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ ገንዘብ = "ብር" ሚለውን፣ እዛ ማድረግ ጥሩ ነው። ሚለወጥ ነገር ግን፣ በተለይ ሊስትና ዲክሽነሪ፣ ኢኒት ውስጥ ይግባ። ኢኒቱ ላይ አባላት=[] ብላችሁ እንደ ዲፎልት አርጉመንት ብትሰጡትም ያው ወጥመድ ነው፣ ዲፎልቱ አንዴ ብቻ ነው ሚፈጠረው።

ስቴፕ 5፦ ደርሷል ሚለው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከላይ ደርሷል ሚለውን አባል ላይ ነው ያስቀመጥነው፣ ሆን ብዬ ነው። አልማዝ በሰፈርም በቢሮም እቁብ አለቻት እንበል፣ ያንኑ ኦብጀክት ሁለቱም እቁብ ውስጥ እናስገባለን። የሰፈሩ ደረሳት፣ አልማዝ.ደርሷል ትሩ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የቢሮው እጣ ሲወጣ ኮዱ አልማዝን "ደርሷታል" ብሎ ይዘላታል። በየወሩ 3000 እየከፈለች እጣ ውስጥ የለችም ማለት ነው!

እሺ ደርሷል ሚለውን እቁቡ ላይ እናድርገው? እቁቡ ላይ ካደረግነው ደግሞ ለሁሉም አባል አንድ ይሆናል። ሌላም አለ፣ በኛ ሀገር እቁብ አንድ ሰው ሁለት እጣ መግባት ይችላል፣ እጥፍ ይከፍላል ሁለቴ ይወጣለታል። አባል ላይ አንድ ደርሷል ብቻ ካለ ሁለተኛውን እጣ የት እንጻፈው?

እቁብ ሰብሳቢ ደብተሩ ላይ ምን እንደሚያደርግ ካያችሁ መልሱ እዛ አለ። ሁለት እጣ ለገባ ሰው ሁለት መስመር ነው ሚይዝለት። ማለትም ሰውየውና እቁቡ መሀል ሶስተኛ ነገር አለ፣ እሱም እጣው ነው። ክፍያውም የእጣው ነው፣ መውጣት አለመውጣቱም የእጣው ነው፣ ሰውየው ጋ ሚቀረው ስሙና ስልኩ ነው። እስካሁን የጻፋችሁትን አጥፉና በአዲስ ፋይል እንዲህ ጻፉት፦

```
ኢምፖርት ራንደም

ክላስ ሰው:
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም):
        ራሱ.ስም = ስም

ክላስ እጣ:
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ባለቤት):
        ራሱ.ባለቤት = ባለቤት
        ራሱ.ክፍያ = 0
        ራሱ.ወጥቷል = ፎልስ

    ዴፍ ክፈል(ራሱ, ብር):
        ኢፍ ብር <= 0:
            ሬይዝ ቫልዩኢረር("ብሩ ከዜሮ በላይ ይሁን")
        ራሱ.ክፍያ = ራሱ.ክፍያ + ብር

ክላስ እቁብ:
    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ስም, መዋጮ):
        ራሱ.ስም = ስም
        ራሱ.መዋጮ = መዋጮ
        ራሱ.ዙር = 1
        ራሱ.እጣዎች = []

    ዴፍ አስገባ(ራሱ, ማን):
        አዲስ = እጣ(ማን)
        ራሱ.እጣዎች.አፔንድ(አዲስ)
        ሪተርን አዲስ

    ዴፍ ይገባል(ራሱ, አንዱ):
        የሚጠበቅ = ራሱ.ዙር * ራሱ.መዋጮ
        ሪተርን ኖት አንዱ.ወጥቷል አንድ አንዱ.ክፍያ >= የሚጠበቅ

    ዴፍ እጣ_አውጣ(ራሱ):
        የቀሩት = [አንዱ ፎር አንዱ ኢን ራሱ.እጣዎች ኢፍ ራሱ.ይገባል(አንዱ)]
        ኢፍ ኖት የቀሩት:
            ሪተርን ነን
        የወጣው = ራንደም.ቾይስ(የቀሩት)
        የወጣው.ወጥቷል = ትሩ
        ራሱ.ዙር = ራሱ.ዙር + 1
        ሪተርን የወጣው
```

ዙር የእቁቡ ነው፣ ለሁሉም አባል እኩል ስለሚሄድ። ይገባል ሚለው ሜተድ ደግሞ ሕጉን ይዟል፣ እጣው ካልወጣና እስከዚህ ዙር ያለውን መዋጮ ከከፈለ ብቻ ይገባል። ሕጉን ለመመለስ የእቁቡም (ዙርና መዋጮ) የእጣውም (ክፍያ) ዳታ ያስፈልጋል፣ ዙርና መዋጮ ምታውቀው እቁብ ስለሆነች እሷ ጋ አስቀመጥነው። ሌላ ሰው እጣ ክላስ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፣ አልጣላውም፣ ግን ያኔ እጣው እቁቡን ማወቅ ይኖርበታል።

ራንደም ያለበት ነገር ቴስት ማድረግ ይከብዳል ሚሉ አሉ፣ ለአንድ እጣ ብቻ ይከፈልና ውጤቱ እርግጠኛ ይሆናል፦

```
አልማዝ = ሰው("አልማዝ")
የሰፈር = እቁብ("የሰፈር", 1000)
የቢሮ = እቁብ("የቢሮ", 3000)
ሀ = የሰፈር.አስገባ(አልማዝ)
ለ = የሰፈር.አስገባ(አልማዝ)
መ = የቢሮ.አስገባ(አልማዝ)
ሀ.ክፈል(1000)
ፕሪንት(የሰፈር.እጣ_አውጣ() ኢዝ ሀ)
ፕሪንት(ለ.ወጥቷል, መ.ወጥቷል)
ፕሪንት(ሀ.ባለቤት ኢዝ መ.ባለቤት)
```

ትሩ፣ ከዛ ፎልስ ፎልስ፣ ከዛ ትሩ። እጣዎቹ ሶስት ኦብጀክት ናቸው፣ አልማዝ ግን አንድ ናት። የመጨረሻው መስመር ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ነገር ይዟል፦ ሀ.ባለቤት ውስጥ የአልማዝ ኮፒ የለም፣ ራሷ አልማዝ ናት ያለችው። አልማዝ.ስም = "አልማዝ ከ" ብላችሁ ብትቀይሩ በሶስቱም እጣ ላይ ይቀየራል። ቫርያብል ዳታ ሚያስቀምጥ ሳጥን ሳይሆን ኦብጀክት ላይ ሚለጠፍ ስም ነው፣ አንድ ኦብጀክት አስር ስም ሊኖረው ይችላል። በተቃራኒው ሰው("አልማዝ") ብላችሁ ሁለቴ ብትፈጥሩ ስማቸው አንድ ቢሆንም በእኩል ይሆናል (==) ብታወዳድሯቸው ፎልስ ነው ሚላችሁ፣ እናንተ "በስልክ ቁጥር አወዳድር" ብላችሁ ካልነገራችሁት በስተቀር። ሰፈር ውስጥ ሁለት አልማዝ ሊኖር ስለሚችል እንደዛ መሆኑ ልክ ነው።

ይሄ ሀሳብ ከየት መጣ ላላችሁ፣ ክላስና ኦብጀክትን ያመጣችው ሲሙላ 67 ሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ናት፣ ኦስሎ የኖርዌይ ኮምፒውቲንግ ማዕከል ውስጥ ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ የሰሯት። ስሟ እንደሚናገረው ለሲሙሌሽን ነበር፣ ማለትም እያንዳንዱ የራሱን ሁኔታ ይዞ ሚንቀሳቀስ ብዙ ነገር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ማስኬድ። በዚህ ስራ 2001 ላይ የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን አግኝተዋል። ብያርነ ስትሮስትሩፕም ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ሚባለው ቋንቋ የሆነውን ስራ 1979 ላይ ሲጀምር የክላስን ሀሳብ የወሰደው ከሲሙላ ነው።

ስቴፕ 6፦ ፕሪንት ስታደርጉ ሰው ሚያነበው ነገር እንዲወጣ

ፕሪንት(ሀ) ብትሉ የክላሱን ስምና አንድ ረጅም የሜሞሪ አድራሻ ነው ሚያወጣው። እጣ ክላስ ውስጥ ይሄን ጨምሩ፦

```
    ዴፍ __ስትር__(ራሱ):
        ሪተርን ራሱ.ባለቤት.ስም + " - " + ስትር(ራሱ.ክፍያ) + " ብር"
```

ፕሪንት ራሱ ፈልጎ ይጠራዋል፣ እናንተ አትጠሩትም።

ስቴፕ 7፦ ኢንሄሪታንስ፣ ግን ሳትቸኩሉ

ኢንሄሪታንስ ማለት አንድ ክላስ የሌላውን ክላስ ዳታና ሜተድ ሲወርስ ነው። ኮርሶች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ፣ በኔ እይታ ጀማሪ ሚያበላሸውም እዚህ ነው። የሳምንት እቁብ፣ የወር እቁብ፣ የቀን እቁብ ብላችሁ ሶስት ክላስ አትፍጠሩ፣ ሚለየው አንድ ቁጥር ከሆነ ኢኒት ውስጥ አንድ አትሪቢውት ይበቃዋል። አዲስ ክላስ ሚያስፈልገው አሰራሩ ሲለይ ነው። ለምሳሌ አንዳንድ እቁብ እጣ ማውጣት የለም፣ በስምምነት በተራ ነው ሚወሰደው፦

```
ክላስ የተራ_እቁብ(እቁብ):
    ዴፍ እጣ_አውጣ(ራሱ):
        ፎር አንዱ ኢን ራሱ.እጣዎች:
            ኢፍ ራሱ.ይገባል(አንዱ):
                አንዱ.ወጥቷል = ትሩ
                ራሱ.ዙር = ራሱ.ዙር + 1
                ሪተርን አንዱ
        ሪተርን ነን
```

ኢኒት፣ አስገባ እና ይገባል ከእናትየው ክላስ ይመጣሉ፣ የተቀየረው አወጣጡ ብቻ ነው። እቁብን ሚጠቀም ሌላ ኮድ ካላችሁ የተራ እቁብ ብትሰጡትም ሳይቀየር ይሰራል።

ልምምድ ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ ዋስ፦ እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያመጣ ብሩ አይሰጠውም። ዋስ አዲስ ክላስ አይደለም፣ ያው ሰው ነው፣ ግን እቁብ ላይ፣ ሰው ላይ ወይስ እጣ ላይ ነው ሚቀመጠው? (አልማዝ ለሁለቱ እጣዋ ሁለት የተለያየ ዋስ ልታመጣ እንደምትችል አስቡ።) ሁለተኛ ግማሽ እጣ፦ ሁለት ሰው ተጋርቶ አንድ እጣ ሲገባ ራሱ.ባለቤት አንድ ሰው መሆኑ ይቀርና ሊስት ይሆናል፣ ስትር ሜተዱም ያኔ ይበላሻል፣ እሱን ስታስተካክሉ ሌላ የትኛው ኮድ እንደተነካ ቁጠሩ፣ እቁብ ክላስ ውስጥ ምንም መንካት ካላስፈለጋችሁ በደንብ ነው የከፋፈላችሁት።